ልጆቹ ምን እየፈለጉ ነው?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት የሰፈራችን ልጆች ከወንዙ ማዶ ባለው የድንጋይ አጥር ሥር ስልክ ይዘው ሲያጎነብሱ፣ ድንጋይ ሲያነሡና መልሰው ሲያስቀምጡ ታይተዋል። ጥበቃው ጠጋ ብሎ «ምን ጠፋባችሁ?» ቢላቸው «የጠፋብን የለም፤ የተደበቀ እየፈለግን ነው» አሉት። እስቲ ይህ መልስ ማንን ያሳምናል? ነገሩ ጭቅጭቅ ሆነና ወላጅ ተጠርቶ፣ ልጆቹም ስልካቸውን ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀምተው ተለቀቁ። ከዚያ ወዲህ «ይህ የማይረባ ጨዋታ ይከልከልልን» የሚሉ ወላጆች ለማኅበራችን አቤት ብለዋል። እኛ በበኩላችን ከመከልከል በፊት ማወቅ ይቀድማል ብለን ልጆቹን ጠርተን ጠየቅን፤ አንድ እሑድም አብረናቸው ወጣን።

የጨዋታው ስም ጂኦካሺንግ ነው። አኩኩሉ ተጫውቶ ላደገ ሰው ማስረዳቱ አይከብድም። እዚህ የሚደበቀው ሰው ሳይሆን ሳጥን ነው፤ ደባቂውም የደበቀበትን ቦታ በቁጥር ጽፎ ለፈላጊዎች ያሳውቃል። ቁጥሩ በጂፒኤስ ሳተላይት አማካይነት የሚታወቀው የኬክሮስና የኬንትሮስ ልክ ነው። አጀማመሩም እንዲህ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለተራው ሕዝብ የሚደርሰውን የሳተላይት ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ይህ ማዛባት በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ቆመ። በማግሥቱ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ ቢቨርክሪክ አጠገብ አንድ ባልዲ ደብቆ ልኩን አስታወቀ። ባልዲው ውስጥ ደብተር፣ እርሳስና ልዩ ልዩ ዕቃ አኖረበት፤ አንድ ቆርቆሮ የታሸገ ባቄላ ሳይቀር ነበረበት። በቀናት ውስጥ ተገኘ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተደበቀው ሳጥን ከ3 ሚሊዮን በላይ ነው። ባቄላው ግን ዛሬ አይፈቀድም፤ ምግብ አውሬ ይጠራልና።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ስልክ ያለው ሰው የጨዋታውን መተግበሪያ በነፃ ይጭናል፤ የሚከፈልበትም ዓይነት አለ፤ ለጀማሪ ግን ነፃው ይበቃዋል። እርሳስ ይያዝ፤ እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም። ሳጥኑን ያገኘ ሰው ደብተሩ ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፤ ከውስጡ ዕቃ ከወሰደም ዋጋው የሚተካከል ወይም የሚበልጥ ይተካል። ከዚያም ሳጥኑን እንደነበረ፣ በነበረበት ቦታ ይመልሳል። ይህን መጨረሻውን ልጆቹ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ነገሩን፤ እኛ የቤታቸውን ዕቃ እንዲህ ቢመልሱ ምን ነበረበት አልን በልባችን።

በዚያ እሑድ የወጣነው ወደ እንጦጦ ዳገት ነው። ሳጥኑን ሁለቱ ልጆች በዋዜማው ደብቀውታል፤ የቀረነው ፈላጊዎች ነን። ከኮሚቴያችን አንዱ አባል ቁጥሩን ሲጽፍ የደቂቃዋን አንዲት አሃዝ ተሳስቶ ኖሮ በማናውቀው መንገድ ይዞን ሄደ። ለካስ በኬክሮስ አንድ ደቂቃ ማለት ወደ 1,850 ሜትር ነው! ከነጥብ በኋላ ያለችው ሦስተኛዋ አሃዝ ግን 2 ሜትር እንኳ አትሞላም። ከዚያ ትንፋሽ አጥሮን፣ ላብ አጥምቆን ቦታው ስንደርስ ስልኩ ባሕር ዛፉ መሐል አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ያመለክት ጀመር። ስልክ ገላጣ ሰማይ ሥር እንኳ ወደ 5 ሜትር ያህል ይስታል፤ ዛፍና ፎቅ ሲጋርደው ደግሞ ይብስበታል። በዚህን ጊዜ ስልኩን ኪስ ከትቶ በዓይን መፈለግ ነው። ለሃያ ደቂቃ ያህል ስልክ ያልነኩ ልጆች ያየነው ያን ዕለት ነው። ሳጥኑን ያገኙት እናት ደግሞ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ግንድ ላይ አረፍ ብለው የነበሩት ናቸው፤ ከተቀመጡበት ግንድ ሥር ነበር።

ይህን ስንል ጥበቃውን ልንወቅስ አይደለም። እንዲያውም ትክክል ሠርቷል። የተደበቀ ሳጥን በዚህ ዘመን ቀልድ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ዌዘርቢ በምትባል ከተማ አንድ ሰው ሳጥን ሲደብቅ ታይቶ ለፖሊስ ተደወለ፤ ቦምብ አምካኞች መጥተው ሳጥኑን አፈነዱት። እዚያ የደረሰ እዚህ አይደርስም ማለት አይቻልም። ስለሆነም በሰፈራችን ጨዋታው ይቀጥል ስንል ሥርዓት ይኑረው ማለታችን ነው። የሚደበቀው ዕቃ ውስጡ የሚያሳይ ክዳን ያለው ፕላስቲክ ይሁን፤ የጨዋታ ሳጥን መሆኑና የማኅበሩ ስም በጉልህ ይጻፍበት። የቦታው ባለቤት ሳይፈቅድ አይቀመጥ። መሬት ተቆፍሮ አይቀበር። ድልድይ ሥር፣ የመብራት ኃይል ሳጥን አጠገብ፣ ትምህርት ቤት አጥርና ቤተ እምነት ግቢ ፈጽሞ አይሆንም። ጥበቃዎችም ቦታዎቹን አስቀድመው ይወቁ፤ ለእነሱ ምስጢር የሚሆን ነገር የለም። ወደ እንጦጦ የሚወጣ ልጅ ከአዋቂ ጋር ይውጣ፤ ሳይመሽም ይመለስ፤ ጅቡ ሳጥን አይደለም የሚፈልገው።

«ልጅ ከሚንከራተት ቤቱ ይቀመጥ» የሚሉ እናቶች ሥጋት ይገባናል። ነገር ግን ቤቱ ተቀምጦ ምን እየሠራ ነው? ስልኩን ይዞ እስከ እኩለ ሌሊት መሆኑን ራሳችሁ ነግራችሁናል። ስልኩን መቀማት ሞክረን አልሆነልንም፤ እግር ሊያወጣው ከቻለ ይሞከር እንላለን።

ማኅበራችን ለሙከራ ሦስት ሳጥን ለማስቀመጥ አስቧል፤ አንዱ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግቢ፣ ሁለቱ ባለቤቶቻቸው ፈቅደው በሚሰጡን ቦታ። ጉዳዩ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ይቀርባል፤ የተቃወሙ ወላጆች በተለይ እንዲገኙ እንጠይቃለን። አራቱ ልጆችም መጥተው ያስረዳሉ። ሐሳቡን በጽሑፍ ማቅረብ የሚፈልግ ከዚህ ሰሌዳ ሥር ባለው ሳጥን ይክተት፤ እሱ እንኳ አልተደበቀም።