ቬኒስን በኦቴሎ፣ ይፋትን በጦርነት

እስቲ በቅን ልቦና መልሱልኝ፤ ከእናንተ መሀል ቬኒስን የማያውቅ አለ? የለም። ጎንዶላዋን በፊልም አይተናል። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም አማርኛ የሚናገረው ኦቴሎ የሚያገለግላት ከተማ እሷ ናት። ጌም የሚወዱት ወንድሞቻችን ደግሞ ‹አሳሲንስ ክሪድ› ላይ ከጣሪያ ጣሪያዋ ሲዘሉ አድረዋል። ነጋዴ የሠራት፣ ነጋዴ የገዛት፣ ውሃ ላይ የቆመች የመካከለኛው ዘመን ከተማ መሆኗንም ከሞላ ጎደል እናውቃለን። አሁን ደግሞ ገንደበሎን የሚያውቅ እጁን ያውጣ።

አልሰማችሁም መሰለኝ። ገ-ን-ደ-በ-ሎ።

አይዟችሁ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም። የሚገርመው ግን ቬኒሶች ራሳቸው ያውቋት ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አሌሳንድሮ ዞርዚ የሚባል ቬኒሳዊ፣ ጣሊያን አገር የደረሱ የኢትዮጵያ መነኮሳትን እያገኘ ‹ከየት ተነሳችሁ፣ በየት መጣችሁ፣ ስንት ቀን ፈጀባችሁ› እያለ የነገሩትን ይጽፍ ነበር። (ከዘመናችን በፊት ያሉትን ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አለዚያ ከምንጮቹ ጋር እንጣላለን።) ከነዚያ የመንገድ ማስታወሻዎች ውስጥ ገንደበሎ የምትባል ትልቅ የንግድ ከተማ አለች። የግመል ቅፍለት እዚያ ደርሶ ሸክሙን መጋዘን ያስገባል። በህንድ መርከብ የመጣ ቅመም ይሸጥባታል። የሚገበያዩበት ገንዘብም የቬኒስና የሀንጋሪ የወርቅ ዱካት፣ እንዲሁም የእስላሞቹ ብር ነው ይላል።

የቬኒስ ወርቅ፣ በይፋት ገበያ! ተመራማሪዎች ገንደበሎን ለዓመታት ሲፈልጓት የኖሩት ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት በይፋት አፋፍ አካባቢ ነውና።

እኔ ጋዜጠኝነት ነው የተማርኩት። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ጥያቄዎች በእንቅልፌም እመልሳለሁ። የታሪክ ደብተሬን ወደ ኋላ ሳስታውሰው ግን ስለ ይፋት የተጻፈልን ማንና መቼ ብቻ ነው። በ1285 የወላስማ ቤት የሸዋን ሱልጣኔት ጠቅልሎ ያዘ። በ1332 አምደ ጽዮን ዘመተ። ሐቀዲን፣ ሰብረዲን፣ ሰዓደዲን… ስማቸውን ሸምድደን ተፈትነንበታል፤ ፈተናውን እንደጨረስን ደግሞ ረስተነዋል። ‹በስንት ይሸጥ ነበር?› ብሎ የጠየቀ አስተማሪ አልገጠመኝም። ሰዎቹ የሚዋጉት ስለምን እንደሆነ ያልተነገረው ተማሪ ደግሞ አንድ መልስ ብቻ ይቀረዋል፤ ‹ድሮም ጠላቶች ነበሩ›።

የኔ ጠብ ከዚህ መልስ ጋር ነው።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። ከሸዋ ሮቢት ተነስታችሁ በአጣዬና በሰንበቴ አድርጋችሁ ከሚሴ ትገባላችሁ፤ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ወደ ምሥራቅ ታጥፋችሁ ባቲ። በስተግራችሁ ደጋ፣ በስተቀኛችሁ አፋር። ዛሬ ይህ መንገድ ግማሹ ሰሜን ሸዋ፣ ግማሹ በአማራ ክልል ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ጥግ ጥጉን ደግሞ የአርጎባ ልዩ ወረዳ ይባላል። በጃንሆይ ጊዜ አጣዬ ዋና ከተማው የሆነ ‹ይፋትና ጥሙጋ› የሚባል አውራጃ ነበር፤ የጥሙጋን ስም ዛሬ የያዘው ጂሌ ጥሙጋ ወረዳ የዞኑ አካል ነው። ማለትም የመካከለኛው ዘመን ይፋት ለከሚሴ ልጅ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ የጎረቤቱ፣ አንዳንዴም የጓሮው ታሪክ ነው።

ለምን እዚያ ከተማ በቀለ? መልሱ ግመል ነው። ግመል የቆላ እንስሳ ነው። ከዘይላ ወደብ ተነስቶ በረሃውን ያቋርጥና የደጋው ገደል ሲጀምር እግሩን ይተክላል። ብርዱ አይስማማውም፤ ድንጋያማው ዳገትም አይሆንለትም። ስለዚህ ጨርቅና ቅመም የጫነው ግመል አፋፉ ሥር ይራገፋል፤ ከዚያ በላይ ያለውን መንገድ በቅሎና አህያ ይረከባሉ። ከላይ የሚወርደውም እንዲሁ፤ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ እህሉ (እና ሰው፤ እመለስበታለሁ) በበቅሎ መጥቶ በግመል ይሄዳል። ጭነት ከአንዱ ከብት ወደ ሌላው በሚዛወርበት ቦታ መጋዘን ያስፈልጋል። ማደሪያ ያስፈልጋል። ደላላ፣ አስተርጓሚ፣ ቀራጭ፣ ሁለት ነጋዴ ሲጣላ የሚዳኝ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲያድር ከተማ ሆነ ማለት ነው። ቬኒስም ከዚህ የተለየ ተአምር የላትም፤ የመርከብ ጭነት ወርዶ፣ ከፊሉ የአልፕስን ተራራ ተሻግሮ ወደ ጀርመን የሚቀጥልባት መራገፊያ ነበረች። አይሱዙና ሲኖትራክ ተደርድረው የሚያድሩባቸውን የመንገድ ዳር ከተሞቻችንን ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

አል-ዑመሪ የሚባለው የማምሉኮች ዘመን ጸሐፊ (የሞተው በ1349 ነው) ስለ ሐበሻ ሰባት የሙስሊም መንግሥታት ሲጽፍ፣ ይፋት ውስጥ የሚሠራበት የግብፅ ዲናርና ድርሃም መሆኑን መዝግቧል። ሌሎቹ ዘንድ ግን የብረት ቁራጭ ነው ገንዘቡ፤ ወይም ዕቃ በዕቃ። እንግዲህ አስቡት፤ ካይሮ የተመታ ሳንቲም እዚህ አፋፍ ላይ ሽንኩርት ይገዛል። (ስለ ሽንኩርቱ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ስለ ሳንቲሙ ነኝ።) ጫትም እንደነበር እናውቃለን። ሰብረዲን የአምደ ጽዮንን መናገሻ ይዤ ጫት እተክልበታለሁ ብሎ መዛቱን የንጉሡ ዜና መዋዕል ራሱ ይነግረናል። ምርቃና ላይ ሆኖ ዛተ አልዛተ እዚያ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

ስለ ጦርነቱ ካነሳን አይቀር፣ ጦርነቱም ራሱ የገበያ ሽታ አለው። በ1320ዎቹ ቀዳማዊ ሐቀዲን የአምደ ጽዮንን መልእክተኛ ይዞ ገደለው። ከየት ሲመለስ? ከካይሮ። ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተሙት ትልቅ ሥራቸው ደጋግመው ያሳዩን የዘይላ መንገድ ምን ያህል ጉሮሮ እንደነበር ነው። መንገዱን የያዘ ቀረጡን ይይዛል፤ ቀረጡን የያዘ ወታደሩን ይቀልባል። ሃይማኖቱ ጌጥ ብቻ ነበር አልልም፤ በዚያ ዘመን ማንም እንዲያ አያስብም ነበር። ግን ቬኒስና ጄኖቫም እኮ ሁለቱም ክርስቲያን ሆነው፣ ሁለቱም ቅዳሴ እያስቀደሱ፣ በንግድ መንገድ ምክንያት ለመቶ ዓመት በላይ ሲተላለቁ ኖረዋል። የነሱን ‹የንግድ ፉክክር› ብለን እናነባለን። የኛን ‹የዘላለም ጠላትነት› እንለዋለን። ለምን?

ፍርስራሹ የለም እንዳትሉኝ። በ2006 ፍራንሷ-ዛቪየ ፎቬልና ቤርትራን ሂርሽ ያሉበት ቡድን አስበሪ፣ መሳልና ኖራ የሚባሉ ሦስት የይፋት ከተሞችን ጥናት አሳትሟል። በድንጋይ የተገነቡ መስጊዶች፣ የቤት ግድግዳዎች፣ መቃብሮች አሉ። በ2017 ደግሞ የወላስማዎቹን ዋና ከተማና የመቃብር ቦታቸውን የሚመለከት ሌላ ጥናት ወጣ። ጋዜጦች ‹ተገኘ› ሲሉ ትንሽ እስቃለሁ፤ መስጊዱ አጠገብ ፍየል የሚያግድ ልጅ መቼ ጠፍቶበት ያውቃል? ጠፍቶ የነበረው ከኛ ከከተሜዎቹ ጭንቅላት ነው። ከከሚሴ ብዙም ሳይርቅ ሾንኬ የሚባል፣ አርጎቦች የሚኖሩበት ኮረብታ ላይ የተቆለለ የድንጋይ ቤት መንደር አለ። የሸማና የንግድ ሰዎች ናቸው፤ የሃይማኖት ትምህት ማዕከልም ነበር። የወሎን እስልምና ታሪክ የጻፉልን ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ ስለዚያ አካባቢ ሼሆች ሠርተው አልፈዋል። መጽሐፋቸው በእንግሊዝኛ ነው፤ ላይደን ነው የታተመው፤ ዋጋውን አትጠይቁኝ።

እዚህ ላይ ‹አይ፣ ልጅቷ ገበያ ፍቅር ነው ልትለን ነው› የምትሉ ትኖራላችሁ። አልልም። ገበያ ፍቅር ሆኖ አያውቅም። እንግሊዛዊው ሀሪስ በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ያረፈባት አልዩ አምባ፣ የገንደበሎ ልጅ ልትባል የምትችል ከተማ ነበረች፤ የሀረር ነጋዴዎች በክርስቲያን ንጉሥ አገር ተቀምጠው ይነግዱባታል፤ ቀረጡን ንጉሡ ይበላል። ደስ የሚል ሥዕል ነው። ከእሷ ብዙም ሳይርቅ አብዱል ረሱል የሚባል ገበያ ላይ ግን ሰው ይሸጥ ነበር። በመካከለኛው ዘመንም ከዘይላ ከሚጫነው ‹ዕቃ› ውስጥ ባሪያ አንዱ ነበር፤ አቅራቢውም ገዢውም ከሁለቱም ሃይማኖት ነው። ቬኒስም ባሪያ ትሸጥ ነበር። የንግድ ታሪካችን ይነገር ስል ይሄኛው ገጽ ተገንጥሎ ይውጣ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ንጉሥ ንጉሡን ብቻ ስንቆጥር ከሁሉ በፊት የሚጠፉት የተሸጡት ሰዎች ናቸው።

ገበያ የሚሰጠው ከፍቅር ያነሰ ነገር ነው። ውል ይሰጣል። ባቲ ሰኞ ሰኞ የሚወጣው አፋር፣ ከደጋ የሚወርደው አማራ፣ የባቲና የአካባቢው ኦሮሞ፣ አርጎባው፣ ተዋደው አይደለም የሚሰበሰቡት። አንዱ ግመልና ፍየል አለው፣ ሌላው እህል። ስለዚህ በሦስት ቋንቋ ይከራከራሉ፣ ይማማላሉ፣ በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ይመጣሉ። ይቺ ‹በሚቀጥለው ሰኞ› የምትባል ነገር ስንት ጠብ አብርዳ ይሆን?

በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በዞኑና በሰሜን ሸዋ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። አጣዬ ክፉኛ ተቃጠለች፤ በጂሌ ጥሙጋም ደም ፈሰሰ፤ የሞቱትና የተፈናቀሉት የአማራም የኦሮሞም ቤተሰቦች ናቸው። በ2014 ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ ደረሰ። በጥር 2015 እንደገና እዚያው አጣዬና ጂሌ ጥሙጋ። በእያንዳንዱ ዙር ፌስቡክ ላይ ያነበብኩት ‹ታሪክ› አንድ ዓይነት ነበር። አንዱ ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘመቻ ይጠቅሳል፤ ሌላው ከ16ኛው፤ ‹መጤው አንተ ነህ›፣ ‹የለም አንተ ነህ›። ሁለቱም የሚጠቅሱት ያንኑ እኔ የሸመደድኩትን ደብተር ነው። ያ ደብተር ቤት አቃጠለ አልልም፤ ቤት የሚያቃጥል ሰው መሣሪያና አዛዥ አለው፣ ስሙም ይታወቃል። ግን ሱቁ የነደደበት የአጣዬ ነጋዴና መንገድ የተዘጋበት የሰንበቴ ባለ በርበሬ አንድ ዓይነት ኪሳራ እንደከሰሩ የሚነግረን ታሪክ ስላልተማርን፣ ወሬው ሲመጣ የምንመክትበት ነገር አጣን። ስንቶቻችን ነን ያን ሰሞን ‹ሼር› የተጫንነው?

የመማሪያ መጽሐፍ የምታዘጋጁ ሰዎች ይህን ገጽ የምታነቡ ከሆነ፣ የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። የ1332ቱን ዘመቻ አትሰርዙት። ከጎኑ አንድ ካርታ ጨምሩ፤ ከዘይላ እስከ አፋፉ፣ ግመሉ የት እንደሚራገፍ የሚያሳይ። ገንደበሎን በስሟ ጥሯት። ዲናሩንና ዱካቱን ለፈተና አምጡት። የዞኑ ባህልና ቱሪዝም ሰዎች ደግሞ ባቲን ‹ማራኪ የብሔረሰቦች አለባበስ› እያላችሁ ፖስተር ላይ መለጠፉን ትንሽ አረፍ በሉና ገበያው እንዴት እንደሚሠራ፣ ማን ለማን እንደሚያስተረጉም፣ ዋጋ እንዴት እንደሚቆረጥ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ቅዱልን።

እናንተ ቅዳሜና እሁድ ላንጋኖ የምትሉ ወዳጆቼ ደግሞ፣ መንገዱ ሰላም የሆነ ሳምንት ፈልጉ። ሰንበቴ እንደ ስሟ እሁድ ትውላለች፤ ባቲ ሰኞ። እሁድ ሰንበቴ ውላችሁ ማታ ከሚሴ ብታድሩ በማግስቱ ባቲ ትደርሳላችሁ። ግመል ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁ፤ ደላላው ሲያጋንንባችሁ ደግሞ ተከራከሩ፣ እሱም የሚጠብቀው ያንን ነው።