ልጅዎ መሪ ሲጨብጥ፦ የኢንሹራንስ ሒሳብና የሰው ሐቅ

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከጁምዓ ሰላት በኋላ በመኪና ማቆሚያው ቆም ብለው ሲያወጉ የሚደጋገም አንድ ጉዳይ አለ። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው አባት “ስሙን ፖሊሲው ላይ ባስገባ ክፍያው እጥፍ ሆነብኝ” ይላል። አንዱ “ዝቅተኛውን ብቻ ያዝ፤ ከዚያ በላይ ያለው ሐራም ነው” ሲለው፣ ሌላው ድምፁን ቀነስ አድርጎ “ለምን ትነግራቸዋለህ? ዝም ብለህ አስነዳው” ይለዋል። ሁለቱም ምክሮች የሚመጡት ከቅንነት ነው። ሁለቱም ግን ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ ሊከቱ ይችላሉ።

የዋጋው መናር እውነት ነው። በአሜሪካ መንግሥት የዋጋ መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. እስከ ሚያዝያ 2024 በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ የመኪና ኢንሹራንስ በ22.6 በመቶ ጨምሯል። ወጣት ሹፌር ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ሹፌሮች በሚነዱት ማይል ልክ ሲሰላ ሞት ባስከተለ አደጋ ውስጥ የመገኘታቸው መጠን ከ20 ዓመት በላይ ካሉት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ኩባንያው የእርስዎን ልጅ ጠባይ አያውቅም፤ የሚያየው ዕድሜውን ነው። ካሊፎርኒያ ከ2019 ጀምሮ ጾታን፣ ሃዋይ ደግሞ ዕድሜንም ጭምር ለዋጋ መተመኛነት ከልክለዋል። በሌሎች ብዙ ግዛቶች ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ወንድ ልጅ ከሁሉም ውድ ሹፌር ነው።

“አትንገራቸው” የሚለውን በአጭሩ እንለፈው። ኩባንያዎች ፖሊሲ ሲሸጡም ሲያድሱም በቤት ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ እንዲነገራቸው ይጠይቃሉ። ተደብቆ አደጋ ከደረሰ ፖሊሲውን ሊሰርዙ፣ ክፍያ ሊከለክሉ ወይም ያለፈውን ልዩነት ሊጠይቁ ይችላሉ። በሐሰት የተሞላ ውል በሸሪዓውም ምን እንደሚባል ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ኡበርና ታክሲ የሚሠሩ አባቶች በተለይ ልብ ይበሉ፦ የታክሲ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው በስም የተመዘገቡ ሹፌሮችን ነው፤ ልጁ ለአምስት ደቂቃ ወተት ሊገዛ ቢወጣበትም ያው ነው። ልጁ በቤተሰቡ መኪና ምግብ ማድረስ ከጀመረ ደግሞ ተራው የግል ፖሊሲ በአብዛኛው ያንን ሥራ አይሸፍንም።

ዋናው ጉዳይ “ዝቅተኛው ይበቃል” የሚለው ነው። ቨርጂኒያ ቀድሞ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ትፈቅድ ነበር። ይህ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቀርቷል። ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ሕጋዊው ዝቅተኛ ሽፋን ለአንድ ተጎጂ 50 ሺህ፣ በአንድ አደጋ ለሚጎዱ ሰዎች በጠቅላላው 100 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ ዶላር ሆኗል። በሜሪላንድ 30፣ 60 እና 15 ሺህ ነው። አሁን ልጁ ቀይ መብራት ጥሶ 45 ሺህ ዶላር የሚያወጣ መኪና ከጥቅም ውጭ አደረገ እንበል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከሆነ ኩባንያው 25 ሺሁን ይከፍልና ዞር ይላል፤ 20 ሺሁ ይቀራል። በመኪናው ውስጥ የነበረች እናት ቀዶ ሕክምና አስፈልጓት ጥቂት ቀን ሆስፒታል ከተኛች 50 ሺሁ በቀላሉ ያልቃል። ቀሪው ይጠፋል ማለት አይደለም፤ ተጎጂዋ በፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላለች። ካሊፎርኒያን በመሰሉ ግዛቶች ለልጁ መንጃ ፈቃድ የፈረመው ወላጅ ራሱ በሕግ የተወሰነ ተጠያቂነት አለበት።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን “ፉል ከቨሬጅ” የሚለው አጠራር ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ሁሉም ነገር የተሸፈነ ይመስለዋል። በእውነቱ ቃሉ የሚናገረው በዋናነት ስለ ራስዎ መኪና ነው፤ በግጭት፣ በስርቆት ወይም በበረዶ ቢጎዳ እንዲጠገን ማለት ነው። ፉል ከቨሬጅ እየከፈለ ለሌላው ሰው ጉዳት ያለው ሽፋን ግን ሕጉ ካስቀመጠው ወለል ያላለፈ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። የራሱን መኪና ጠብቆ የሌላውን ሰው ሕይወት በዝቅተኛው ትቶታል።

ይህ ልዩነት ለፈትዋውም ጉዳይ ነው። በእስላማዊ ትብብር ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1985 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ የንግድ ኢንሹራንስ ውል ከባድ ገረር ስላለበት አይፈቀድም፣ በትብብር ላይ የተመሠረተው ግን ይፈቀዳል ብሏል። ቀደም ብሎ ሶሪያዊው ዓሊም ሙስጠፋ አዝ-ዘርቃ ኢንሹራንስ በመሠረቱ የተፈቀደ ነው ብለው ተከራክረዋል። ሕግ በሚያስገድድበት አገር ግዴታ የሆነውን መግባት ብዙ ዑለማእ በዶሩራ ይፈቅዳሉ፤ ከዚያ በላይ ባለው ግን ይለያያሉ። አገራችን ውስጥ ብሔራዊ ባንክ በ2020 የተካፉል መመሪያ አውጥቷል። አሜሪካ ላሉ ቤተሰቦች ግን በቅርብ የሚገኝ የመኪና ተካፉል የለም ማለት ይቻላል። ስቴት ፋርምን የመሰሉ በደንበኞች ባለቤትነት የሚተዳደሩ ኩባንያዎችን እንደ ተካፉል የሚያዩ አሉ። ነገር ግን ገንዘቡ ወለድ በሚከፍል ቦንድ ላይ የሚውል ከሆነ የባለቤትነቱ ዓይነት ብቻውን ጥያቄውን አይዘጋውም።

እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም። ሆኖም ሸይኾቻችን ዘንድ የምናቀርበው “ኢንሹራንስ ሐላል ነው ወይ?” የሚለው ጥያቄ በጣም የጠበበ ይመስለኛል። መጠየቅ ያለበት “ልጄ በሰው አካልና ንብረት ላይ ጉዳት ቢያደርስ ዶማን አለበት፤ ከኪሴ መክፈል አልችልም፤ ይህን ሐቅ ለመጠበቅ ከግዴታው በላይ ብገባስ?” የሚለው ነው። መልሱ ከሸይኹ ነው፤ ጥያቄው ግን እንዲህ ተብራርቶ ይቅረብ።

ክፍያውን መቀነስ ለፈለገ መቁረጫው ቦታ ሌላ ነው። መኪናው ያረጀና ብድር የሌለበት ከሆነ የግጭት ሽፋኑን መተው ወይም ከኪስ የሚከፈለውን ዲደክቲብል ከፍ ማድረግ ይቻላል። አማካይ ውጤቱ ቢ የሆነ ተማሪ በብዙ ኩባንያዎች ቅናሽ አለው፤ ትራንስክሪፕቱን ካልላኩ ግን ማንም አስታውሶ አይሰጥዎትም። መኪና ሳይዝ ከቤት ከ100 ማይል በላይ ርቆ ኮሌጅ የገባ ልጅም እንዲሁ። ለልጁ የተለየ ፖሊሲ መግዛት አብዛኛውን ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር ከማስገባት ይወደዳል። አነዳዱን በስልክ የሚከታተለው ፕሮግራም ቅናሽ ያመጣል፤ በአንዳንድ ኩባንያ ግን መጥፎ አነዳድ ሲያይ ዋጋ ሊጨምርም ይችላል፤ ከመመዝገብዎ በፊት ይጠይቁ።

ረመዷን ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሹፌር ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት እንዳይነዳ ሕግ ይከለክላል። አዋቂ ለሚቆጣጠረው ሃይማኖታዊ ዝግጅት መሄድና መመለስ ከክልከላው ውጭ ነው፤ ከቂያም በኋላ ለሱሑር ምግብ ቤት መዞር ግን አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት በመርህ ደረጃ ከቤተሰቡ ውጭ ከ21 ዓመት በታች የሆነ አንድ ሰው ብቻ ነው መጫን የሚችለው። አራት ጓደኛሞችን ከተራዊሕ የሚያመላልሰው ልጅ፣ ሁላችንም “ማሻአላህ” የምንለው፣ ሕግ እየጣሰ ነው። አደጋው የሚበዛውም መኪናው ውስጥ እኩዮች ሲበዙና ሲመሽ ነው።

በቨርጂኒያ ለወጣቶች ዋናው መንጃ ፈቃድ በብዙ ካውንቲዎች የሚሰጠው ወላጅ ባለበት በዳኛ ፊት ነው። ከዚያ ቀን በፊት ለኢንሹራንስ ኤጀንትዎ ይደውሉ። 50/100 ያለው ሽፋን ወደ 100/300፣ የንብረቱም ወደ 100 ሺህ ከፍ ቢል በወር ስንት እንደሚጨምር ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ሰው ከሚፈራው ያነሰ ነው።