አባይ ዳር የተገናኙ ቅኝቶች

በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ አባይ የምንነጋገረው አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርሳችን ነው። ግድቡ ሲጀመር፣ ውኃ ሲይዝ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ በየከተማው ተሰብስበናል፣ ቦንድ ገዝተናል፣ ጨፍረናል። ደስታው የሚገባን ነበር። ነገር ግን በዚያው ከተማ፣ አንዳንዴም በዚያው ሕንፃ፣ ግብፃዊና ሱዳናዊ ጎረቤት እያለን ስለ ወንዙ አንድም ቀን ሳናወራቸው ዓመታት ያለፉብን ብዙዎች ነን። ዛሬ ላነሳላችሁ የምፈልገው ከእኛው መካከል የወጣች አንዲት ድምፃዊት ይህን ዝምታ በሙዚቃ ለመስበር የተነሳችበትን ሥራ ነው።

መክሊት ሀደሮ አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች፣ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ስሟን ያስጠራች ድምፃዊትና የዜማ ደራሲ ናት። ሚና ግርግስ ደግሞ ግብፃዊ የሙዚቃ ተመራማሪ ነው። ሁለቱ በፈረንጆቹ 2011 ኦክላንድ ከተማ አንድ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ኮንሰርት ካዩ በኋላ ያነሱት ጥያቄ ለሁሉም ነገር መነሻ ሆነ፤ የአንድ ወንዝ ልጆች ሆነን አንዳችን የሌላችንን ሙዚቃ ለመስማት ለምን ካሊፎርኒያ ድረስ መምጣት አስፈለገን? ጊዜውን ልብ በሉልኝ። የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ ገና ጥቂት ወራት ነበር። ግድቡ በካይሮም በአዲስ አበባም መነጋገሪያ በሆነበት ሰዓት እነዚህ ሁለት ሰዎች የናይል ፕሮጀክትን መሠረቱ።

በፈረንጆቹ 2013 መጀመሪያ ላይ ከተለያዩ የተፋሰሱ አገሮች የመጡ ሙዚቀኞች ደቡብ ግብፅ፣ አስዋን ከተማ ላይ ተገናኙ። ከዚያ ቆይታ «አስዋን» የተባለው አልበም ተወለደ። ቆየት ብሎም ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት በኡጋንዳዋ ጂንጃ ከተማ የተሰየመው ሁለተኛ አልበም በፈረንጆቹ 2017 ወጣ። ከእኛ ወገን ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆርጋ መስፍን፣ ድምፃዊቷ ሰላምነሽ ዘመነ፣ ማሲንቆ ተጫዋቹ እንድሪስ ሀሰን በተለያየ ጊዜ ተሳትፈዋል። ከቡሩንዲ ስቲቨን ሶጎ፣ ከሩዋንዳ ኢናንጋ የተባለውን ባለ ክር መሣሪያ የምትጫወተው ሶፊ ንዛዪሴንጋ፣ ከሱዳን አልሳራ፣ ከግብፅ ዲና ኤል ወዲዲ ነበሩ። የኬንያዋ ካሲቫ ሙቱዋ ከበሮ መቺ ናት። በአገሯ ከበሮ የወንድ ሥራ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል፤ እሷን ግን ወደ ምቱ የሳበቻት በተረት እያዋዛች ያስተማረቻት አያቷ ናት።

እነዚህን አልበሞች ስሰማ ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ቅኝቶቹ መስማማታቸው ነው። ክራር ይዞ የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። የክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ለአንድ ቅኝት ከተቃኘ በኋላ ሌላ ለመጫወት እንደገና ማጥበቅና ማላላት ያስፈልጋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። የግብፅ ሙዚቃ ግን የሚሄደው በመቃም ነው። መቃም ሰባት ድምፅ አለው፤ ከእነዚያም አንዳንዶቹ ፒያኖ ላይ ብትፈልጓቸው አታገኟቸውም፣ በሁለት ቁልፎች መካከል የሚወድቁ ናቸውና። ራስት በሚባለው መቃም ሦስተኛው ድምፅ እንዲህ ያለ ነው። ስለዚህ በትዝታ የተቃኘ ክራርና ራስት የሚጫወት ዑድ፣ ያ የዓረቦቹ ባለ ክር መሣሪያ፣ ከአንድ ድምፅ ቢነሱ እዚያች ሦስተኛዋ ላይ ሲደርሱ ይጋጫሉ። ጆሮ ያለው ሰው ወዲያው ፊቱን ያጨማድዳል።

መሣሪያዎቹ ራሳቸው ግን መውጫ አላቸው። የዑድ አንገት ልሙጥ ነው፤ ድምፁን የሚወስን የብረት መስመር ስለሌለበት ተጫዋቹ ጣቱን ትንሽ ገፋ ወይም ሳብ አድርጎ ወደ ክራሩ ሊመጣ ይችላል። ማሲንቆም አንድ ክር ብቻ ኖሯት ሳለ የትኛውንም ድምፅ ማውጣት ትችላለች፤ የተጫዋቹ ጆሮ እስከተከፈተ ድረስ መቃሙን ተከትላ ትሄዳለች። የሱዳን ሙዚቃ ደግሞ በአብዛኛው እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ስለሚሄድ፣ ቋንቋውና የግጥሙ ሥርዓት ግን ከዓረቡ ዓለም ጋር ስለሚያገናኘው፣ ለሁለቱም ወገን አይርቅም። ይህን ሁሉ የሚያስማማው ማሽን አይደለም፤ «እኔ ወደ አንተ ልምጣ» ብሎ ጣቱን የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው። ለዚህም ጊዜ ያስፈልጋል። የናይል ፕሮጀክት ሙዚቀኞች መጀመሪያ አንድ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ የሌላውን ዜማና ምት ተምሮ፣ በማያውቀው ቋንቋ ተቀባይ ሆኖ ዘፍኖ ነው ወደ ቀረፃው የገቡት። አልበሞቹን ከብዙዎቹ የምለየው በዚህ ነው።

ብዙዎቹ የምላቸውን ታውቋቸዋላችሁ። አውሮፓ ውስጥ የተሠራ የኮምፒውተር ምት ላይ የአንዲት አዝማሪ ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ ይገባል፣ ይወጣል፤ ዘፋኟ ምን እንዳለች የሚጠይቅ የለም፣ ስሟም ሽፋኑ ላይ አይገኝም። ሰው እንደ በርበሬ የሚነሰነስበት ቅልቅል ነው፤ እኔ ይህን ትብብር ልለው አልችልም። በእስራኤል የምትኖሩ ወገኖች ደግሞ የእስራኤላዊውን ሙዚቀኛ የኢዳን ራይሄልን ፕሮጀክት ታስታውሳላችሁ። በፈረንጆቹ 2002 የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ አማርኛን በዕብራይስጥ ዘፈኖች መካከል አድርጎ በአገሪቱ ሬዲዮ በሰፊው አሰማ። ወላጆቿ ወደ እስራኤል በሚጓዙበት መንገድ ላይ ሱዳን በሚገኝ የስደተኞች ጣቢያ ውስጥ የተወለደችው ካብራ ካሳይም በዚያ መድረክ ላይ ቆማ ዓለምን ዞረች። አማርኛ መናገር የሚያሳፍረው ለነበረ ታዳጊ ያ ትልቅ ነገር ነበር፣ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ሆኖም ፕሮጀክቱ የተጠራው በአንድ ሰው ስም ነው። ወንዙ ለሁሉም የጋራ ስም ሲሆን፣ ሙዚቀኛው የሚቆምበት ቦታም ይለወጣል።

ስለ አልሳራ ትንሽ ልቆይ። ካርቱም ተወልዳ፣ የመን ኖራ፣ በፈረንጆቹ 1994 ከየመን ጦርነት ሸሽታ ከቤተሰቧ ጋር አሜሪካ የገባች፣ ብሩክሊን የምትኖር ድምፃዊት ናት። የምትወዳቸው የኑቢያ የመመለስ ዘፈኖች ናቸው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ የኑቢያ መንደሮች ከነመቃብራቸው ውኃ ውስጥ ገቡ። በግብፅ በኩል የነበሩት ወደ ኮም ኦምቦ ተወሰዱ፤ የሱዳኖቹ የዋዲ ሐልፋ ሰዎች ከአባይ ርቀው፣ ከእኛ ተራሮች የሚወርደው የአትባራ ወንዝ አጠገብ፣ ኻሽም ኤል ጊርባ ላይ ሰፈሩ። ዘፈኖቹ ያንን ቀዬ ይጠራሉ። ትዝታ ላደገበት ጆሮ ይህ ስሜት አስተርጓሚ አይፈልግም። ከአልሳራ ብዙ ቀድሞ የኑቢያው ሐምዛ ኤል ዲን ይህንኑ ኀዘን በዑድ ተጫውቶ ዓለም አሰምቷል፤ እሱም ዕድሜውን የጨረሰው ከኦክላንድ አጠገብ፣ በርክሊ ውስጥ ነው። የሕዳሴ ግድብን በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። ግድብ ሲነሳ ግን ቀዬውን የሚለቅ ሰው አለ፤ ግድቡ በተሠራበት በጉባ የጉሙዝ ቤተሰቦች ቀያቸውን ለቀዋል። የእነርሱን ዘፈን እስካሁን በየትኛውም የግድብ በዓላችን ላይ አልሰማሁም። ልንሰማው ይገባል።

ለልጆቻችንም የምንነግረው ታሪክ ሊሰፋ ይችላል። ክራር የእኛ ብቻ እንደሆነ አድርገን የምናወርሳቸው ወላጆች ብዙ ነን። ክራር ግን በብዙ የወንዙ አገሮች ዘመድ አለው፤ በኑቢያ ኪሲር፣ በስዊዝ ቦይ ዳር ሲምሲሚያ፣ በኡጋንዳ እንዶንጎ፣ በኬንያ ሉዎዎች ዘንድ ስምንት ክር ያለው ኒያቲቲ። ይህን ያወቀ ልጅ በክራሩ የሚኮራው ኩራት አይቀንስበትም። ትምህርት ቤት አብሮት የሚቀመጠው ኬንያዊ ወይም ሱዳናዊ ልጅ ግን ዘመዱ ይሆንለታል። በቤይሩትና በዱባይ ከኡጋንዳና ከኬንያ እህቶቻቸው ጋር በሰው ቤት ሠርተው የሚያድሩ እህቶቻችን ይህን ዝምድና ከእኛ ቀድመው የሚያውቁት ይመስለኛል።

ባለፈው በጋ እዚህ በምኖርበት ከተማ አንድ የሐበሻ ሰርግ ላይ ሙሽራው ከሥራ ባልደረቦቹ አንድ ሱዳናዊ ጋብዞ ነበር። ምሽቱ ከገፋ በኋላ ሰውየው ማይክ ተሰጠውና አንድ የሱዳናዊው ድምፃዊ የመሐመድ ወርዲ ዜማ ጀመረ። የእኛው ኪቦርድ ተጫዋች አንድ ሁለት ድምፅ ሞክሮ ገጠመለት። አባቶቻችን ከወንበራቸው ተነሱ፤ ዜማውን በቃላቸው ያውቁት ነበር፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲሰሙት ኖረዋል። ከሃያ ዓመት በታች ያሉት ግን ቆመው ያዩ ነበር። ከአባቶቹ ወደ ልጆቹ ያልተላለፈው ምን እንደሆነ እዚያ ክፍል ውስጥ በዓይን ይታይ ነበር።

ስለዚህ የእንቁጣጣሽና የማኅበረሰብ በዓል ለምታዘጋጁ ኮሚቴዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ከፕሮግራሙ ግማሽ ሰዓት ለወንዙ ጎረቤት ስጡ። በየከተማችን ኪሲር የሚጫወት ሱዳናዊ፣ ዑድ የሚጫወት ግብፃዊ፣ ከበሮ የሚመታ ኡጋንዳዊ አይጠፋም። ጋብዛችሁ በበዓሉ ምሽት ብቻ መድረክ ላይ አታቁሟቸው፤ ከእኛ ክራርና ማሲንቆ ተጫዋቾች ጋር አስቀድመው ጥቂት ቅዳሜ ይለማመዱ፣ ያቺ ሦስተኛዋ ድምፅ የት እንደምትወድቅ ይነጋገሩ። ክፍያቸው ከእኛ ድምፃዊ እኩል ይሁን፣ ስማቸውም ፖስተሩ ላይ በእኩል ፊደል ይጻፍ። በእኛ ከተማ የማኅበሩን አዳራሽ ከመስከረም በፊት ባሉት ቅዳሜዎች ለልምምድ የሚፈቅድልን ከተገኘ፣ ቁልፉን ተረክቤ ለመክፈትም ለመዝጋትም እኔ አለሁ።