«ኔትወርክ ነው» ከማለታችን በፊት

መካነ ሰላም ላይ በስልክ ገንዘብ ልካችሁ የማረጋገጫው መልዕክት ካልመጣ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ኔትወርክ ነው»። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መዘጋቱን ማን ይረሳዋል? ችግሩ መልሱ ልማድ መሆኑ ነው። ኮምፒውተርና ኤሌክትሮኒክስ ለሚማሩ ልጆቻችንም ተርፏል። ዕቃው መልዕክት ከጣለ «ገመዱ ነው»፣ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ይባላል። አዲስ ቦርድ ደግሞ ከደሴ ወይ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ ያውም በስንት ብር!

እኔ የምለው፦ ከመቀየራችን በፊት እንቁጠር።

የአንድሮይድ ስልካችሁ መሠረት ሊኑክስ ነው። ብዙ ራውተሮችና ትንንሽ ቦርዶችም የሚሠሩት በሱ ነው። ሊኑክስን ከዕቃው ጋር የሚያነጋግረው ክፍል ድራይቨር ይባላል። መልዕክት ሲጠፋ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ጠፋ ወይስ ዘገየ?» ነው። ብዙ ጊዜ የጠፋው አንድ ቦታ ላይ ስለዘገየ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሴንሰር በሲሪያል መስመር በሰከንድ 115,200 ቢት ይልካል እንበል። ይህ ወደ 11,520 ባይት ነው። የተለመደው የመቀበያ ቺፕ የሚይዘው 16 ባይት ብቻ ስለሆነ በ1.4 ሚሊሰከንድ ይሞላል። ፕሮሰሰሩ ሌላ ሥራ ይዞት ቶሎ ካላነሳለት፣ አፉ ድረስ እንደሞላ ወፍጮ ገብሱ መሬት ይፈሳል። ጥፋቱ የገብሱም የጫነው አህያም አይደለም።

ሊኑክስ ይህን ይቆጥራል። «ኦቨርራን» የሚለው ቁጥር ከጨመረ፣ የዘገየው አንሺው ነው፤ ገመዱን ተዉት። «ፍሬም» የሚለው ስህተት ከጨመረ ግን ያኔ ገመዱንና የፍጥነት ቅንብሩን እዩ። ሁለት ቁጥር አይቶ የቦርድ ዋጋ ማትረፍ ይቻላል ማለት ነው።

የሚገርመው፣ መዘግየቱን ለመፈለግ ብለን የምንጨምረው ጽሑፍ ራሱ ያዘገያል። በዚያው ፍጥነት በሚሠራ ኮንሶል ላይ የ100 ፊደል መስመር ለመውጣት ወደ 9 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ፕሮሰሰሩ እሱን ሲጠብቅ ቺፑ ስድስት ጊዜ ሞልቶ ይፈሳል! ይህ የጀማሪ ችግር ብቻ አይምሰላችሁ። ሊኑክስን በቁርጥ ሰዓት እንዲመልስ የማድረጉ ሥራ 20 ዓመት ገደማ ፈጅቶ ዋናው ኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 2024 ነው፤ መጨረሻ ላይ ከያዙት እንቅፋቶች ዋናው ይኸው የጽሑፍ ማውጣት ጉዳይ ነበር። መፍትሔው ምልክቱን ሚሞሪ ላይ አስቀምጦ በኋላ ማንበብ ነው፤ «ኤፍትሬስ» የሚባለው መሣሪያ ለዚህ ነው የተሠራው።

ታዲያ በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በየቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ለምታስተምሩ መምህራን አንድ ጥያቄ አለኝ። ውጤት የሚሰጠው ለሚሠራ ኮድ ብቻ ለምን ይሆናል? ሆን ተብሎ የተበላሸ ቦርድ ስጧቸው፤ ምክንያቱን በቁጥር ላሳየም ማርክ ይያዝለት። መለዋወጫ በሩቅ በሚመጣበት አገር፣ ሳይቀይር የሚያድን ባለሙያ ነው የሚያስፈልገን።

እናንተም ጓደኛችሁ «ኔትወርክ ነው» ሲላችሁ «ቁጥሩን አየኸው?» በሉት።