ስለ ኩሉ ስንጣላ ብልቃጡን ማን አየው?

«ለማን ልትታይ ነው?»

ይህችን ጥያቄ ያልተጠየቀች እህት በመካከላችን ያለች አይመስለኝም። ማዳም ትጠይቀናለች። የመክተቡ ሰውዬ ይጠይቀናል። ይባስ ብለን እርስ በርሳችንም እንጠያየቃለን። ባለፈው ስብሰባችን አንዲት ታላቃችን ተነስተው፣ ኮንትራት ቤት ያለች ልጅ ዓይኗን ኩላ ሳሎን መውጣት እንደሌለባት ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ለሚደርስባት ነገር «የጠራችው ራሷ ናት» አሉ። ግማሹ ቤት አጨበጨበ። እኔ እጄን ሳወጣ ሰዓት አልቋል ተባልኩ። ስለዚህ ሳልናገር የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ወረቀት እንኳ ሰዓት አልቋል አይልም።

እትዬ፣ ብዙዎቻችንን ገና እግራችን ቤይሩት ከረገጠበት ቀን ጀምሮ እንደ እናት የያዙን እርስዎ ነዎት፤ ያንን አልረሳሁም። ይህን አባባልዎን ግን አልቀበለውም። ችግሩን የሚጠራው ኩል ከሆነ፣ አሮጌ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አስራ፣ ክሎር ክሎር እየሸተተች ሌሊት በር የተከፈተባት ልጅ ምን ጠርታ ነው? እንዲህ ያለችውን እኮ እርስዎም እኔም አብረን ሆስፒታል ወስደናል። ችግሩን የሚጠራው ቁልፍ የሌለው ክፍል ነው። በሰው መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈው ፓስፖርታችን ነው። በፈረንጆቹ 1946 የወጣው የዚህ አገር የሠራተኛ ሕግ በ7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኛን «አይመለከታትም» ብሎ ውጭ አስቀርቶናል፤ ከፋላው ደግሞ ኑሯችንን በአንድ ሰው እጅ አስገብቶታል። ይህን ሁሉ ትተን የልጅቱን ሽፋሽፍት መመርመር ለነኪው ጠበቃ መቆም ነው። አዎ፣ ከባድ ቃል ነው፤ አውቄ ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ማዳም ሻንጣዬን አልጋ ላይ ገልብጣ ፈተሸች። ከወሎ ይዤው የመጣሁትን የኩል ብልቃጥ አገኘችና «እዚህ ቤት ወንድ አለ» ብላ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። በዚያው ቀን ከሰዓት ያለ ጓንት፣ መስኮቱ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ክሎር አስይዛ አሰማራችኝ። ዓይኔ ሁለት ቀን ሙሉ አለቀሰ፤ ያንን ዓይን ምን ሆንሽ ያለው ሰው የለም። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሴትዮዋ የተጨነቀችው ለባሏ ዓይን እንጂ ለእኔ ዓይን አልነበረም።

ብልቃጡ ቆሻሻ ውስጥ መግባቱ ዛሬ አያስቆጨኝም። የሚያስቆጨኝ የተጣለበት ምክንያት ነው። ምክንያቱም ስለ ኩል ሊነሳ የሚገባው አንድ ቁም ነገር ነበረ፤ ማዳምም አላነሳችውም፣ መክተቡም አላነሳውም፣ እኛም በስብሰባችን ጨዋ ናት ጨዋ አይደለችም ስንባባል አላነሳነውም። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ነገር ምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ እርሳስ ነው። የመጻፊያውን እርሳስ ማለቴ አይደለም፤ እሱ ስሙ ብቻ ነው፣ ውስጡ ግራፋይት የሚባል ሌላ ነገር ነው። እኔ የምለው ብረቱን፣ ከባዱን፣ ዓረቦች «ረሳስ» የሚሉትን ነው። በዓረብኛ ጥይትም እርሳስም በአንድ ስም ነው የሚጠሩት፤ እኔ ይህንን ከሰማሁ በኋላ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። የድሮው የድንጋይ ኩል ጋሌና ከሚባል ማዕድን ተፈጭቶ የሚሠራ ነው፤ ጋሌና ማለት እርሳስና ድኝ ነው። በዓረብ አገራት ገበያ የተገዙ ኩሎች በላቦራቶሪ ሲመረመሩ የብዙዎቹ ዋና ነገር ይኸው ሆኖ ተገኝቷል። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ የሆነም አለ። ሻጩ «ብልጭ ብልጭ ሲል አታዪም? ኦርጅናል ነው» ይላችኋል። ጋሌናም እኮ ያብለጨልጫል! እያሳየ የሚሸጥላችሁ ያንኑ ሊሆን ይችላል።

«በዓይን የገባ የት ይሄዳል?» ለምትሉ፦ የዓይን ጠብታ ስታደርጉ ምሬቱ ጉሮሯችሁ ላይ ይመጣ የለ? ዓይን ወደ አፍንጫ፣ አፍንጫ ወደ ጉሮሮ መንገድ አላቸው። ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ በእጅ የሚገባው ነው። ዓይናችንን እናሻለን፣ በዚያው እጅ ዳቦ እንቆርሳለን፣ የልጅ ጡጦ እንይዛለን። እርሳስ ሰውነት ውስጥ ከገባ አጥንት ውስጥ ተቀምጦ ለብዙ ዓመት ይቆያል፤ ሴት ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ፅንሱ ይሻገራል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም ይላል።

ምልክቱን ስሙትና ፍረዱ። ድካም፣ ራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ የደም ማነስ፣ ነገር ቶሎ ማስቆጣት፣ እንቅልፍ ማጣት። ይህ የማናችን በሽታ ነው? የሁላችንም! አሥራ አራት ሰዓት ቆማ የምትሠራ ሴት ደከመኝ ብትል ማን እርሳስ ነው ብሎ ይጠረጥራል? ፋርማሲው ፓናዶል ይሰጣታል፣ ማዳም ሰነፍሽ ትላታለች፣ እኛ ደግሞ ናፍቆት ነው እንላታለን። ስለዚህ የድንጋይ ኩል ለዓመታት የተኳላችሁ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ወይም ለማርገዝ የምታስቡ፣ ክሊኒክ ስትሄዱ ለሐኪሙ ስለ ኩሉ ንገሩት፤ «ፈሕስ ረሳስ ቢድደም» በሉት። የደም ምርመራ ነው። ካልጠየቃችሁት በራሱ ተነስቶ አያዘውም።

አሁን መልስ ልስጥ፤ ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁና።

«አያቶቻችን ሲኳሉ ኖረው ምን ሆኑ?» ምን እንደሆኑ ማን ለካቸው? ስንት ፅንስ ወረደ፣ ስንት ልጅ ትምህርት አልገባው አለ፤ ምክንያቱን ማን ጠየቀ? ቡዳ ተባለ፣ ዛር ተባለ፣ ታለፈ።

«ኢስሚድ ሱና ነው» የሚሉኝ ሙስሊም እህቶቼ አሉ። እኔ በሃይማኖት አልገባም፤ አያቴም ሐጅ ደርሳ የመጣች ሴት ነበረች። ግን ኢስሚድ የሚባለው በቀድሞ ትርጉሙ አንቲሞኒ የሚሉት ድንጋይ ነው፤ ዛሬ በዚያ ስም እየተጠቀለለ የሚሸጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጋሌና ነው። በስሙ የሚነግደውን ሰው መጠየቅ ከሃይማኖት አያስወጣም።

«በወርቅ ቀለበት ፈትሼዋለሁ።» ይሄ ተረት ነው። ቀለበት ጠቆረም አልጠቆረም ስለ እርሳስ የሚነግራችሁ ነገር የለም። እርሳስን በማየት፣ በማሽተት፣ በመቅመስ (ኧረ አትቅመሱ!) መለየት አይቻልም። ብልቃጡ ላይ «እርሳስ የለውም» ተብሎ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም፣ የሠራው ድርጅት ካልታወቀ ያንን ማንም አትሞ ሊለጥፍ ይችላል።

ታዲያ አንኳል? ኧረ ኳሉ! እኔ የተነሳሁት እኮ ለመኳል ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ልብስ ተኩሰን፣ የሰው ልጅ አጥበን፣ የሰው ፊት ላይ ደስታ ስንፈልግ የምንውል ሴቶች፣ በመስታወት ፊት የምናቆማት ሦስት ደቂቃ የራሳችን ናት። ሳሎን እንግዳ ኖረም አልኖረም። እሑድ ዕረፍት ያላትም፣ በሩ ተቆልፎባት እሑድን በኩሽና መስኮት የምታይም፣ ፊቷ የራሷ ነው። ማንም እንዳያያት ሆና ለራሷ ብቻ የምትኳል ልጅ አውቃለሁ፤ ማታ ኩላ፣ መስታወት አይታ፣ ታጥባ ትተኛለች። «ለማን ልትታይ ነው?» ለሚላት መልሷ እሱ ነው።

ግን በምን እንኳል? ፋርማሲ ወይም ደህና ሱቅ የሚሸጥ፣ ሠሪው የተጻፈበት፣ የተሠራበት ነገር ዝርዝር ያለው የዓይን እርሳስ ግዙ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እርሳስን በመዋቢያ ውስጥ ይከለክላል፤ የአሜሪካም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የድሮውን ኩል ለመዋቢያ ቀለምነት አይፈቅድም። ዝርዝሩ ውስጥ «ሲ አይ 77499» የሚለው የብረት ዝገት ጥቁር ቀለም ነው፤ «ሲ አይ 77266» የሚለው ደግሞ ከጥላሸት ጋር የሚዛመድ ካርቦን ነው። ሲ አይ የላቲን ፊደል ሆኖ ነው የሚጻፈው፤ ቁጥሩን ብቻ በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩ። በእርሳሱ ላይ «ኩህል» ተብሎ ቢጻፍ አትደንግጡ፤ እንዲህ ባሉት ላይ ብዙ ጊዜ የቀለሙ ስም ብቻ ነው።

አኳኳላችንንም እናስተካክል። ከሽፋሽፍቱ ሥር በውጭ በኩል መስመሩ ይበቃል፤ የዓይን ቆብ ውስጠኛውን እርጥብ ጠርዝ ካልሞላሁ አልተኳልኩም ማለት ይቅር። እሑድ እሑድ ሰባት ሆነን በአንድ የኩል እንጨት የምንኳለው ነገር ደግሞ ፍቅር ይመስላል፤ የአንዷ ዓይን መቅላት ሐሙስ ሳይደርስ የሰባታችንም ይሆናል። የደረቀ ማስካራ በምራቅ ማርጠብም ያው ነው። ማስካራ ከተከፈተ ሦስት ወር ከሞላው፣ ወይም ዓይናችሁ ታሞ ከዳነ፣ ይጣል፤ ያሳዝናል፣ ግን ይጣል። ማታ ሳትታጠቡ አትተኙ፤ ከመኳላችሁ በፊትም እጅ ይታጠብ፣ ክሎር የነካ ከሆነ ሁለት ጊዜ።

አሁን ወደ ሚያስጣላኝ ነገር ልምጣ። ብልቃጡን የሚሸጥልን ማነው? ሁልጊዜ ዓረቡ አይደለም። ዶራ ላይ እሑድ ከበርበሬውና ከነጠላው ጎን ዘርግተው የሚሸጡልን የእኛው እህቶች ናቸው። ፍሪ ሆነው በሰዓት የሚሠሩ፣ ሊራው ከወደቀ ወዲህ የቤት ኪራይ ያቃታቸው፣ በዚያች ብልቃጥ ትርፍ ልጅ የሚያስተምሩ ናቸው። አውቃቸዋለሁ፤ ከአንዷ ጋር ቡና እጠጣለሁ፣ ይህን ካነበበች በኋላ ምናልባት አልጠጣም። እንጀራቸውን ልነጥቅ አልመጣሁም። ግን ማዳም ጓንት ስትከለክለን ጨካኝ ናት ካልን፣ ስም የሌለው ዱቄት ለእህታችን ዓይን ስንሸጥ ምን እንባላለን?

ከሁሉ የከፋው ወደ አገር ቤት የሚሄደው ነው። አንዲት እህት ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ አሥር አሥራ አምስት ብልቃጥ ትይዛለች፤ ለእናት፣ ለጎረቤት፣ ለአራስ ሴት። አራሷ ለሕፃኑ ትኩለዋለች፣ ዓይኑ እንዲያምር፣ ዓይነ ጥላ እንዳያየው። ሕፃን ልጅ ወደ አፉ ከገባው እርሳስ ከአዋቂ ሰው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ወደ ሰውነቱ ያስገባል፤ የሚጎዳውም ገና በመሠራት ላይ ያለው አንጎሉ ነው። በስንት ዓመት ላባችን ገዝተን የምንልከው ስጦታ ይሄ ነው? ለሕፃን ዓይን ኩል አያስፈልገውም። የድንጋዩም፣ የጥላሸቱም፣ የፋርማሲውም።

ስለዚህ ለኮሚቴያችን ሁለት ነገር በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። አንደኛ፣ በማኅበራችን ባዛር ጠረጴዛ ላይ ስምና ዝርዝር የሌለው የኩል ብልቃጥ እንዳይቀርብ። ሁለተኛ፣ እስካሁን ብልቃጥ ሲሸጡ የነበሩት እህቶች ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ፣ ከዕቁባችን መጠባበቂያ ተበድረው ዝርዝር ያለበት የዓይን እርሳስ በጅምላ እንዲያመጡና በዚያው ጠረጴዛ እንዲሸጡ። ብድሩ በስድስት ወር ይመለስ ብያለሁ፤ ይበዛል ወይም ያንሳል የምትሉ ተነጋገሩበት።

እትዬም እንዲመጡ እጠይቃለሁ። በቁልፍ በሌለው ክፍልም ላይ፣ በብልቃጡም ላይ የእርስዎ ድምፅ ያስፈልገናል። እኔ ዓይኔን ኩዬ ነው የምመጣው፤ ይህን ቀድሜ ነግሬዎታለሁ። ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ መልስ በ8 ሰዓት ነው፤ ዘንድሮ ግን እጅ የሚያወጣ ሰው ሳይናገር ሰዓት አልቋል እንዳይባል።