እጅ ከማውጣት በፊት

መንግሥት ስለ ሕዝቡ ያለውን አሳብ ለማወቅ የሚሻ ሰው ገንዘቡን የት እንዳኖረ ይመልከት። ሰኔ በመጣ ቁጥር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚመጣው ዓመት በጀት ላይ ይመክራል፤ ሐምሌ 1 ቀን አዲሱ የበጀት ዓመት ከመግባቱ በፊትም አባሎቹ እጅ ያወጣሉ። በዚያች እጅ ውስጥ የውኃና የመብራት ጉዳይ ስላለ፣ እኛ በመካነ ሰላም የምንገኝ ተማሪዎች ነገሩን ዝም ብለን ልናልፈው አይገባንም።

ምክር ቤቱ በሰኔ 2017 ዓ.ም. ለ2018 የበጀት ዓመት ያጸደቀው 1.93 ትሪሊዮን ብር ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሰኔ በመጀመሪያ የጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ብር ነበርና ቁጥሩ እጥፍ ያህል ሆነ። ዳሩ ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የብር ዋጋ ወድቋል። ፓምፑም፣ ትራንስፎርመሩም፣ ሶላሩም በአብዛኛው ከውጭ የሚገዙ ስለ ሆኑ፣ ቁጥሩ በዛ ማለት ሥራው በዛ ማለት አይደለም።

ወደ አካባቢያችን እንመለስ። በደጋችን ግርጌ ዓባይ በጥልቅ ገደል ይፈሳል፤ በሽሎና ወለቃም የደቡብ ወሎን ውኃ ሰብስበው ለርሱ ያስረክባሉ። ይህ ውኃ ወደ ጉባ ወርዶ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውንና 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራውን የሕዳሴ ግድብ ይሞላል። መምህሩ ከደመወዙ፣ ገበሬው ከምርቱ ቀንሶ ቦንድ የገዛበት ግድብ ነውና እንኮራበታለን። ነገር ግን በቦረና፣ በወግዲ፣ በሳይንትና በከላላ ገጠር ዛሬም ጀሪካን አዝለው ቁልቁል ወርደው ሽቅብ የሚወጡ እናቶችና እኅቶች አሉ። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ያሉት አባቶቻችን ዛሬ ቢኖሩ «መብራትም ጠማው» ብለው በጨመሩበት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 የታደሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ዕቅድ እስከ 2025 ድረስ 65 በመቶውን ሕዝብ በመስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ባለ ኃይል ለማዳረስ ያለመ ነበር። ዓመቱ አለፈ፤ ግቡ ግን አልተመታም። መብራት ያላገኘ ጎጆ የሚያበስለው በእንጨት ነውና የደንቆሮ ጫካም የዚሁ ዕዳ ከፋይ ነው።

ጉድለቱ ከወዴት ነው? የበጀቱ አዋጅ በየመሥሪያ ቤቱ ተከፋፍሎ ይወጣል። ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር ተከፍሎ በድምሩ ይሄዳል፤ ክልሉም ለወረዳዎች ያከፋፍለዋል። ወረዳው ከደረሰው ውስጥ አብዛኛውን ደመወዝ ስለሚወስደው ለመለዋወጫና ለጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ የቦረና ገበሬ የቀበሌውን ምንጭ በአዲስ አበባው ሰነድ ቢፈልግ አያገኘውም።

በአሜሪካ ለኢነርጂና ለውኃ የሚሰጠው ገንዘብ በየዓመቱ ራሱን የቻለ ረቂቅ ሕግ ሆኖ ይቀርባል፤ አብሮት በሚወጣው ሰነድም የየወንዙና የየግድቡ ሥራ በስሙ ከነገንዘቡ ይዘረዘራል። በዚህ ሕግ ገንዘብ ከሚያገኙት አንዱ «ቢሮ ኦፍ ሪክላሜሽን» ሲሆን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 የዓባይን ተፋሰስ ጥናት ፈጽሞ ያስረከበን እርሱ ነው። ጥናቱን እንደ ተቀበልን፣ ሥራን በስሙ መዘርዘርንም ብንማር ነውር የለበትም።

«ገንዘብ የለም» እንባል ይሆናል። እውነት ነው፤ አገሪቱ ዕዳ አለባት፤ በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የተቀሰቀሰው ግጭትም ብዙ ሥራ አሰናክሏል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ንጹሕ ውኃን የሚያነሣው አቅም በፈቀደ መጠን ብሎ ነው። ዳሩ ግን አቅም ሲያንስ ቅደም ተከተል የበለጠ ያስፈልጋል። የቆመን ፓምፕ ማስነሣት አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈር ይረክሳል።

ስለዚህ ከየወረዳው የተመረጡት እንደራሴዎች እጅ ከማውጣታቸው በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እናሳስባለን። ከሚጸድቀው ገንዘብ ለጥገና የተለየው ስንት ነው? በየወረዳው የሚሠራው በስሙ ተዘርዝሯልን? ባለፈው ዓመት ተብሎ ያልተሠራው የት ነው? መልሱንም ወደ መረጣቸው ሕዝብ ይዘው ይምጡ።

እኛም ከዕዳ ነፃ አይደለንም። በዚህ ክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን በቀበሌያችን የሚሠራውንና የቆመውን የውኃ ነጥብ፣ መስመሩ የደረሰበትንና ያልደረሰበትን መንደር መዝግበን እንምጣ። መምህሮቻችንም መዝገቡን እንድናስተካክል ይርዱን። ጠያቂው ዝርዝር ይዞ ከቀረበ «በጥናት ላይ ነው» የሚለው መልስ አያጠግበውም።