የጤፍ ማሳ ጠባቂ ሕግ ያሻዋል

ከተማ ሲያድግ የሚከፋው ሰው የለም። ፋብሪካ ለሥራ ፈላጊው እንጀራ፣ ቤትም ለቤት አልባው ማረፊያ ነውና እኛም ልማትን አንቃወምም። ነገር ግን ቦታ ሳይመርጡ መገንባት ባንድ ወገን ሠርቶ በሌላው ማፍረስ ይሆናል።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቢሾፍቱ በኩል ወደ ሞጆ የሚወርድ መንገደኛ ግራና ቀኙን ያስተውል። በስመ ጥሩው የአድአ ጤፍ ማሳ አጠገብ መጋዘንና ፋብሪካ ቆሞ ያያል። ጥቁሩ የዋልካ መሬት ለጤፍ የተስማማ ሲሆን ለግንብ ግን አይመችም። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መሠረት የሚጥል ሰው አፈሩን ቆፍሮ በሌላ መተካት ግድ ይሆንበታል። አገር የሚያበላው አፈር ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ተዝቆ ይጣላል ማለት ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ከይዞታው ለዘለቄታው የሚነሣ ገበሬ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካላገኘ፣ በ3 ዓመት ውስጥ ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ደንግጓል። ይህም በ1997 ዓ.ም. ከተደነገገው የ10 ዓመት ስሌት የተሻለ ነው። ሆኖም ካሣ ገበሬውን ይክሳል እንጂ ማሳውን አይመልስም። ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ልጁ የሚያርሰው፣ ገበያውም የሚሸምተው ያጣል።

ስለዚህ ለም መሬት ሁሉ በካርታ ተለይቶ ግንባታ እንዳይነካው በሕግ ሊከለል ይገባል እንላለን። ከተሞችም ወደ እርሻ ከመስፋታቸው በፊት በመካከላቸው ታጥሮ ሣር የበቀለበትን ቦታ ይሥሩበት። ፋብሪካ በጭንጫ መሬትም ላይ ይቆማል፤ የአድአ ጤፍ ግን ሌላ አድአ የለውም።